ደራሽ ውሃ የመጣበት ጠዋት

ይህን ታሪክ ሳወራ ሰዎች ከመሃል ያቋርጡኛል። «ወንዝ መሃል ነው ያልኸው?» ይሉኛል። አዎ፣ ወንዝ መሃል። «ታዲያ ውሃው እንዴት ሳይወስዳችሁ ቀረ?» እሱን እኔም ስጠይቅ ነው የኖርሁት። እናንተ ግን እንደ እነሱ ሳትቸኩሉ ከመነሻው ጀምሬ እንዳወራ ፍቀዱልኝ። ነገሩ የሆነው በአንድ ጠዋት ነው። ያን ጠዋት ለመረዳት ግን በዚያን ጊዜ ማን እንደ ነበርሁ ማወቅ አለባችሁ።

ጣሊያን አገራችንን በያዘ በሁለተኛው ክረምት የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። ጉባኤ ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ፣ የጨሞጋን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነበር። የትውልድ አገሬ ከዚያ ሩቅ ነው። ከቤቴ የወጣሁት አባቴ ሚስት ሊያጭልኝ ሽማግሌ መላክ ሲጀምር ነው። ሐሳቤ ቅኔዬን ጨርሼ ለመመንኮስ፣ ከሰውና ከሰው ጣጣ ርቄ ለመኖር ነበር። ከፊት ለፊቴ ሴት ስትመጣ ካየሁ መንገድ እቀይር ነበር ብል አላጋነንሁም።

የቅኔ ተማሪ የሚኖረው ለምኖ ነው። ያን ክረምት ግን ልመናው ነጠፈ። የአካባቢው መንደር ግማሹ ተቃጥሏል፤ ወንዱ ጫካ ገብቷል፤ ቤቷ የቀረችው ሴት ለልጆቿ የምታጎርሰው የላትም። አንድ ቀን ከአንዲት እናት ደጅ ቆሜ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል ወጣችና ትክ ብላ አየችኝ። «ልጄ፣ ካኮፋዳህ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ለልጆቼ ስጠኝ» አለች። ቀልድ አልነበረም። ያለችኝን ቁራሽ ሰጥቻት ተመለስሁ። ከዚያ ወዲያ ደጅ መቆም አሳፈረኝ።

ስለዚህ ሥራ ልፈልግ ብዬ የኔታ ዘንድ ቀረብሁ። መምህራችን ዓይናቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ግን ገና የጎልማሳ የሆነ ሽማግሌ ነበሩ።

«ምን ሥራ?» አሉኝ።

«ያገኘሁትን፣ የኔታ።»

«ሥራ ነውር የለበትም። ግን ሰዓቱን አስበኸዋል? ጠዋት ቅኔህን ትቆጥራለህ። ከቀትር በኋላ እኔ ፊት ቀርበህ ትናገራለህ። ወደ ማታ እኔ ስዘርፍ ትሰማለህ። ከሦስቱ የቱን ልትተው ነው?»

ለማያውቀው ላስረዳ። የቅኔ ተማሪ ጠዋት ለብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን አዲስ ቅኔ ያስባል፤ ይህ መቁጠር ይባላል። ከቀትር በኋላ ያሰበውን ለመምህሩ ይናገራል፣ ይታረማል። ወደ ማታ ደግሞ መምህሩ የራሳቸውን ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ተማሪው ያዳምጣል።

«ጠዋቱን ነው፣ የኔታ። ግን አልተወውም። እጄ ሲሠራ ጭንቅላቴ ይቆጥራል» አልሁ።

ፈገግ አሉ። «እስቲ ሞክረው። ከቀትር በኋላ ግን አንዲት ቀን ብትቀርብኝ ትምህርቱን እንደ ተውኸው እቆጥረዋለሁ። ቦታህን የሚጠብቅ ብዙ ነው።»

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ፣ ውሃው ጎድሎ ሳለ ተሻግሬ ደብረ ማርቆስ ወረድሁ። በዚያ ጊዜ ከተማው ሁሉ ይቆፈር ነበር፤ ጣሊያኖቹ ምሽግ ያሠራሉ፣ መንገድ ያስጠርጋሉ። አንዱን የሠራተኞች ካቦ ቀርቤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ልሥራ ስለው ሳቀብኝ። «ፀሐይ ስትወጣ ትገባለህ፣ ስትጠልቅ ትወጣለህ። ካልሆነ ዞር በል» አለኝ። ዞር አልሁ፤ ልቤም ከመጀመሪያው አልፈቀደውም ነበር። ከዚያ አንድ ሸማኔ ዘንድ ሄድሁ። ሰውየው ደግ ነበር፤ ግን «የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በቀትር የሚወጣ ሰው ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። አንዲት ጠላ ሻጭ ደግሞ ውሃና እንጨት የሚያመላልስላት ሰው ትፈልግ ነበር። የምትፈልገው ግን ልክ እኔ የኔታ ፊት በምቆምበት ሰዓት ነው። ጉልበቴን የሚፈልግ ሞልቶ ነበር፤ ከሰዓቴ ጋር የሚስማማ ሥራ ግን ጠፋ።

ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ጨሞጋ ዳር ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። የእንጨት ድልድዩ በጦርነቱ ተቃጥሎ ነበር። በድልድዩ ፈንታ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ገመድ ተወጥሯል። በወዲህ በኩል ከሾላ ዛፍ፣ በማዶ በኩል ከተተከለ ግንድ ጋር ታስሯል። ደረተ ሰፊ፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው አንድ ሰው ገመዱን ይዞ አሮጊቶችን አንድ በአንድ ያሻግራል። ሰይድ ይባላል። ድሮ በቅሎ እየጫነ የሚነግድ የከተማው ሙስሊም ነበር። በቅሎዎቹን ጦርነቱ ሲወስድበት ወንዝ ገባ።

እኔንም አሻገረኝና ማዶ ስንደርስ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ተሜ፣ ውሃ የምትፈራ አትመስልም።»

«ወንዝ ዳር ነው ያደግሁ።»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ሥራ። ሰዉ በዝቶብኛል።»

«እኔ ከቀትር በኋላ ትምህርት አለብኝ፣ ጋሼ ሰይድ» አልሁት፣ እንደ ካቦው እስኪስቅብኝ እየጠበቅሁ።

እሱም ሳቀ፤ ግን በሌላ ነገር ነው። «ከቀትር በኋላ ማን ይሻገራል? ጮቄ ተራራ ላይ ሲዘንብ ወንዙ ይሞላል፣ እስከ ጠዋት ማንም አይነካውም። እኔ ሰው የምፈልገው እስከ ቀትር ብቻ ነው።»

የጨሞጋ ሰዓትና የየኔታ ሰዓት ልክ ገጠሙ። በደስታ ጉልበቱን ልስመው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ውሃ ውስጥ ሆንሁ። ገበያተኛው ከያዘው ላይ ይቆነጥርልናል፤ አንዷ ገብስ፣ አንዷ ባቄላ፣ አንዷ በርበሬ። ያገኘነውን ተካፍለን እኔ ለቀትር በኋላው ትምህርት እደርሳለሁ። ቅኔዬንም ውሃው ውስጥ ለመቁጠር እሞክር ነበር። ሰይድ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ካየ ይቆጣኛል፦ «ተሜ! ወንዝ ውስጥ ቆመህ ሌላ አገር አትሂድብኝ!»

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልምጣ።

የፍልሰታ ጾም ነበር፤ ቀኑም የገበያ ቀን። ከራሳችን በላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ በጮቄ በኩል ግን ጥቁር ሆኗል። ሰይድ ደጋግሞ ወደዚያ ያያል። ብዙ ሰው አሻግረን ሁለት ሴቶች መጡ። አንደኛዋ እማማ ውዴ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ሁለተኛዋ ምራታቸው ትጓደድ ናት። ትጓደድ ሆዷ ገፍቶ፣ እግሯ አብጦ፣ አንዲት ጥቅል አቅፋለች። ልብሳቸው ጭስ ጭስ ይላል። መንደራቸው የተቃጠለው በዚያው ሳምንት ነው። ባሏ አርበኛ ስለ ሆነ የጣሊያን ወታደሮች እሷን ፍለጋ ላይ ነበሩ። ያባቷ ቤት ማዶ ነው።

ሰይድ ሆዷን አየና «እህቴ፣ ስንተኛ ወርሽ ነው?» አላት።

«ዘጠነኛው ገብቷል» አለች።

«ነገ ጠዋት ብትሻገሪ ምን ይመስልሻል? ውሃው ዛሬ ደስ አላለኝም።»

እማማ ውዴ ቀደሙ። «ነገ? ልጄ፣ ከኋላችን ያለውን ብታውቅ ነገ አትለንም ነበር።»

ሰይድ ትንሽ አሰበና ጥቅሉን ተቀብሎ ጭንቅላቱ ላይ አሰረው። ትጓደድን ከመሃል አደረግናት። እሱ ውሃው በሚመጣበት በኩል ቆመ፣ እኔ ከታች በኩል። አሮጊቷ ቀጥለው ሊሻገሩ ሾላው ሥር ቀሩ። የሴት እጅ መያዝ አሳፍሮኝ የቀሚሷን እጅጌ ብቻ ጫፉን ያዝሁ።

«ተሜ! እጇን ያዝ! ሰው ነው የምናሻግረው፣ ቀሚስ አይደለም!» ሲል ሰይድ ጮኸብኝ።

እጇን ያዝሁ። እንደ ድንጋይ ጠንካራ እጅ ነበር።

ከወንዙ መሃል ላይ ኮርቻው የምንለው ዓለት አለ፤ ከኋላው ከፍ፣ ከመሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው። እሱ አጠገብ ስንደርስ ትጓደድ ቆመች። እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። «ቆዩ… ቆዩ እስቲ» አለች ትንፋሿ ተቆርጦ። በዚያው ቅጽበት ሰይድ አፍንጫውን ወደ ላይ አነሣ።

«አፈር ሸተተኝ» አለ።

ውሃውን አየሁት። ቀልቷል። ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መውረድ ጀምሯል። ከዚያ ከላይ፣ ከወንዙ መታጠፊያ በኩል፣ ብዙ ፈረስ ባንድ ጊዜ የሚጋልብ የመሰለ ድምፅ ሰማን።

«ደራሽ ነው! ኮርቻው ላይ! ውጡ!»

እኔ ከታች ገፋሁ፣ ሰይድ ከላይ ጎተተ። ትጓደድ በጉልበቷ ዓለቱ ላይ ወጣች። እኔ እግሬን ከማንሣቴ ደራሹ ደረሰ። ውሃ ነው ብላችሁ አታስቡት፤ ቆሞ የሚሄድ የአፈር ግድግዳ ነው። ሥሩ የተነቀለ ዛፍ፣ የተሰበረ አጥር፣ የሰመጠ ጥጃ ተሸክሞ በግራም በቀኝም አለፈን። ዓለቱ ከሥራችን ተንቀጠቀጠ። በማዶ ገመዱ የታሰረበት ግንድ ከነሥሩ ተነቅሎ ሲወድቅ አየሁ። እዚያ ቆሞ የነበረው ገበያተኛ ተንጋግቶ የገመዱን ጫፍ ያዘ፤ ወንዱም ሴቱም። ሰይድ ገመዱን በዓለቱ ቀንድና በራሱ ወገብ ላይ አዞረው። በሁለቱ ዳሮች መካከል ያለን ተስፋ ያ ገመድ ብቻ ሆነ።

ትጓደድ ቀና ብላ አየችኝ። «ተሜ፣ መጣብኝ።»

«ምን መጣብሽ?» አልኋት።

«ምጥ ነዋ፣ ያላህ!» አለ ሰይድ። «ስማኝ ተሜ፣ እኔ ገመዱን ከለቀቅሁ ሦስታችንም እንሄዳለን። ያለኸው አንተ ነህ።»

«እኔ? እኔ እኮ…» እመነኩሳለሁ ልለው ነበር። ሾላው ሥር እማማ ውዴ ሁለት እጃቸውን እያወዛወዙ ይጮሃሉ። አፋቸው ሲከፈት ይታየኛል፣ ድምፃቸው ግን አይደርስም። ውሃው ሁሉን ድምፅ ይውጣል። ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ያቺ ሴት ቤቷ ተቃጥሎ፣ ባሏ ጫካ ሆኖ፣ በውሃ ተከባ፣ ምጥ ይዟት፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ እኔን ታጽናናኝ ጀመር።

«አይዞህ» አለችኝ። «ይሄ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱን ወልጄ ቀብሬያለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ። አንተ ያልሁህን ብቻ አድርግ።»

ተንበርክካ የሰይድን ጀርባ ተደገፈች። ሰይድ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ፣ እግሩን ዓለቱ ላይ ተክሎ ገመዱን ያዘ፤ አንድ ጊዜም ዘወር ብሎ አላየም። ምጡ ሲበረታ «በይ ጥሪያት፣ እህቴ! ማርያምን ጥሪያት!» ይላታል። እሷ ድምፅ ሲያጥራት እሱ ራሱ «ማርያም፣ ድረሺላት!» ብሎ ይጣራል። በሁለቱም ዳር ሴቶቹ መንበርከካቸውን አየሁ። ውሃው ለአፍታ ዝቅ ሲል «ማርያም! ማርያም!» የሚለው ድምፅ ከግራም ከቀኝም ይደርሰናል፤ ከዚያ ደግሞ ይዋጣል። ውሃው ቁርጭምጭሚታችንን እየላሰ ነበር።

ያኔ ነው የጣሊያን አይሮፕላን የመጣ።

ከማርቆስ በኩል ጉምጉምታው ሲሰማ ሁሉም አወቀው። ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ ይመታ ነበር። ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ሰማይ ላይ ላለው ሁሉም አንድ ነው። እኛ ደግሞ በሁለቱም ዳር ተሰብስበናል። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገቡ አየሁ። ዓይኔ ግን ማዶ ገመዱን የያዙት ላይ ነበር። እነሱ ከሮጡ እኛ የለንም። ትጓደድን በአባቷም በእናቷም የሚያውቃት ከመካከላቸው አልነበረም። ገበያ ውለው ሊገቡ የወጡ ሰዎች ናቸው።

አልሮጡም። ቀና ብለው አዩትና አንገታቸውን ደፍተው ገመዱን ይበልጥ ጨበጡ። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጠው የገመዱን ጫፍ በወገባቸው ሲያዞሩት አየሁ። አንዲት ሴት እንስራዋን ጥላ ከኋላቸው ያዘች። አይሮፕላኑ ዝቅ ብሎ መጣ። ጥላው በማዶ ሰዎች ላይ፣ በውሃው ላይ፣ በትጓደድ ጀርባ ላይ አለፈ። እሷ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ዞሮ ተመለሰ። በድጋሚ በላያችን አለፈና ወደ ዓባይ በኩል ሄደ። ለምን ቦምብ እንዳልጣለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምን እንዳየም አላውቅም።

እኔ የማውቀው ጉምጉምታው ሳይርቅ ትጓደድ «አሁን! ተቀበላት!» ማለቷን ነው። ሴት ልጅ እንደምትሆን ማን እንደ ነገራት እንጃ። እጄን ዘረጋሁ። ሞቃት፣ አሙለጭላጭ ነገር መዳፌ ውስጥ ገባ። ሰው ነበረች።

አላለቀሰችም። ጠቁራለች። «አታለቅስም!» ብዬ ጮኽሁ።

«ገልብጣት። አፏን ጥረግላት። ጀርባዋን እሻት፣ እሻት፣ አትፍራ!»

አሸሁ። ሆዷን በመዳፌ ላይ አድርጌ፣ በሌላው እጄ ያቺን ከእጄ የማትሰፋ ጀርባ አሸሁ። ምን ያህል እንደ ቆየ አላውቅም። ሰይድ ያለ ድምፅ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ከዚያ መዳፌ ውስጥ አንድ ነገር ተነቃነቀ። ልቅሶዋን መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም፣ በእጄ ነው። ደረቷ ሲነፋ፣ ጎኗ ሲከፈት ተሰማኝ። ከዚያ ነው ጆሮዬ የደረሰ። ያ ሁሉ ውሃ እየጮኸ፣ ከውሃው ሁሉ በላይ የተሰማኝ የእሷ ድምፅ ነው።

እንግዲህ ዓመታት ሙሉ ስለ ፍጥረት ቅኔ ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝ። «ዓለምን ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ በአፌ እንዳመላለስሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ጊዜ ግን ቃሉ እጄ ላይ ተኝቶ ያለቅስ ነበር። ተንበረከክሁ፤ አልጸለይሁም፣ አላለቀስሁም፣ ዝም ብዬ አየኋት።

«እትብቷን እሰርልኝ» አለች እናቷ።

«በምን?»

ክር አልነበረም። ያለን ገመድ የክንድ ያህል ውፍረት ያለው ነው። እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። ማተቤ በክርስትናዬ ቀን ከታሰረልኝ ጀምሮ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። ክርስቲያን ነኝ ማለት እሱ ነው፤ እሱን የበጠሰ እንደ ካደ ይቆጠራል። እጄ ክሩ ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ፈታሁት።

ሰይድ በትከሻው በኩል አየኝ። «ማተብህን?» አለ በቀስታ።

«ሌላ ክር የለም፣ ጋሼ ሰይድ።»

ሰይድ ከወገቡ ካራውን መዝዞ አቀበለኝ። ክሩን ለሁለት ከፍዬ በሁለት ቦታ አጥብቄ አሰርሁ፣ መሃሉን ቆረጥሁ። ሰይድ ጭንቅላቱ ላይ ያሰረው ጥቅል አልረጠበም ነበር። ሲፈታ ከውስጡ አንዲት ንጹሕ ጋቢ ወጣች። ከተቃጠለው ቤት ያወጣችው ዕቃ ያ ብቻ ነው። ልጅቷን ጠቅልዬ፣ ዳር ያሉት እንዲያዩ ከራሴ በላይ ከፍ አደረግኋት።

እልልታው ከሁለቱም ዳር ተነሣ። እማማ ውዴ ሾላው ሥር መሬቱን ሲስሙ አየሁ።

ከዚያ የቀረው መጠበቅ ነበር። ደራሽ እንደ መጣ ይሄዳል። ውሃው ከቁርጭምጭሚታችን ወርዶ፣ የዓለቱ ጠርዝ መታየት ጀመረ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደረሰች፣ አለፈች። የኔታ ፊት የምቆምበት ሰዓት እያለፈ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቦታዬ ለሌላ እንደሚሰጥም አውቃለሁ። ልቤ ግን አልደነገጠም። ትጓደድ ልጇን አጥብታ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ እንዳትወድቅ ጀርባዬን ሰጥቻት ተቀመጥሁ።

ሰይድ በመጨረሻ ውሃውን በእግሩ ለካና «አሁን ካልሄድን ጮቄ ደግሞ ይዘንባል» አለ። «እናቲቱን እኔ አዝላለሁ። ልጅቷ ያንተ ናት።»

ልጅቷን በጋቢው ከማጅራቴ ላይ፣ እንደ እንስራ ከፍ አድርጎ አሰረልኝ። ውሃው ደረቴ ድረስ ነበር። በአንድ እጄ ገመዱን፣ በሌላው እጄ እሷን ያዝሁ። ከፊቴ ሰይድ ትጓደድን አዝሎ እግሩን እየፈተነ ይሄዳል። እኩሌታ መንገድ ስንደርስ ከሥሬ ድንጋይ ተገለበጠ። ወደቅሁ፤ ውሃው አገጬ ደረሰ። እንደዚያ ቀን ጣቶቼ የጠነከሩበት ቀን የለም። ገመዱ ክርር አለ። ማዶ ያሉት በአንድ ድምፅ «ያዘው!» ብለው ሲጎትቱ እግሬ መሬት አገኘ። ማጅራቴ ላይ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እያለቀሰች መሆኗ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ዳር ስንደርስ ሴቶቹ ከእጃችን ነጠቁን፤ እናቲቱን ወደ አንዱ ቤት፣ ልጅቷን ከእናቷ ጋር። የገመዱ ሰዎች መዳፋቸው ተልጦ ደም ያዘለ ነበር። ሰይድ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ቆይቶ ሳቅ አፈነው።

«ተሜ፣ ዛሬ ስንት ቅኔ ቆጠርህ?»

«አንድም።»

«እኔም ቅኔ ባውቅ ኖሮ ዛሬ አልቆጥርም ነበር» አለና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ጉባኤ ቤቱ ስደርስ ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበር። ተማሪው ተናግሮ ጨርሶ የየኔታን ዘረፋ ለመስማት ተቀምጧል።

«ማን ነው የገባው?» አሉ የኔታ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«ቅኔህን ንገር።»

«የለኝም።»

አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ አንገቴን አይቶ «ማተቡም የለም» ብሎ አንሾካሾከ። ጉምጉምታ ተነሣ። የኔታ እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙና «ተናገር» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ደራሹን፣ ምጡን፣ አይሮፕላኑን፣ ክሩን። ስጨርስ የኔታ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ልጅቷ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት።»

«እናቲቱስ?»

«ደኅና ናት፣ የኔታ። አጥሚት እየጠጣች ትቻት መጣሁ።»

ከተቀመጡበት ተነሡ። እኛም ተነሣን። ከጋቢያቸው ጫፍ ክር መዘው፣ በእጃቸው አንገቴን ፈልገው አሰሩልኝ። «ዛሬ እኔም አልዘርፍም» አሉ። «የተባለው ይበቃል። እንስገድ።» ያን ምሽት በጉባኤ ቤታችን የተሰማ ቅኔ የለም። ሁላችንም ወደ ምሥራቅ ዞረን ግንባራችንን መሬት አስነካን። ስለ ቦታዬም ማንም አላነሣብኝም።

እማማ ውዴ በማግሥቱ ተሻግረው ደረሱ፤ ትጓደድም ልጇን ትርፌ አለቻት። «ከሁሉ የተረፈችኝ እሷ ናት» ብላ ነው። ባሏ ጠላት ከወጣ በኋላ ከጫካ ተመለሰ፤ ቤታቸውንም ማዶ ሠሩ። ሰይድ ደግሞ በቅሎ ገዝቶ ወደ ንግዱ ተመለሰ። በመንገዳችን በወጣ በገባ ቁጥር ጉባኤ ቤቱ ደጅ ቆሞ «ተሜ!» ብሎ ሳይጠራኝ አያልፍም ነበር፤ እኔ መምህር ከሆንሁ በኋላም እንኳ። ሲሞት ከመቃብሩ ዳር ቆሜያለሁ።

እኔ አልመነኮስሁም። ከሰው ሸሽቼ ምን ፍለጋ እንደምሄድ ያን ቀን ጠፋብኝ። ቅኔዬን ጨርሼ አስተማርሁ፤ አገባሁ፣ ወለድሁ። ባለቤቴ ስታምጥ ከደጅ ሆኜ ያለቀስሁትን ልቅሶ ጎረቤት ሁሉ ሲያወራበት ኖሯል።

ይህን ከምታነብቡት መካከል ምናልባት ትምህርቱንና እንጀራውን ማስታረቅ ያቃተው ወጣት ይኖር ይሆናል። ሰዓትህ ከማንም ሰዓት ጋር አልገጥም ብሎህ ከደጅ ደጅ ትዞር ይሆናል። ከትምህርቴ ጊዜ ተሰረቀብኝ ብለህ የምታዝንበት ቀንም ይኖራል። እኔ ምክር የለኝም። ያየሁትን ብቻ እነግርሃለሁ፦ አንድ ቀን ከትምህርቴ ቀረሁ፤ በዚያ ቀን ያየሁትን በቃል ለማድረስ ዕድሜዬን ሙሉ ሞከርሁ፤ አልደረስሁበትም። ስለዚያ ጠዋት አንድ ቅኔ እንኳ ቆጥሬ አላውቅም። በጀመርሁ ቁጥር መዳፌ ውስጥ ያ ነገር ይነቃነቅና ቃሉ ይጠፋኛል።

ደራሹ በመጣ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ወንዙ ተመለስሁ። ጨሞጋ ጎድሎ ጭን የማይደርስ ሆኗል። ኮርቻው በፀሐይ ደርቋል፤ አንዲት ሴት ልብስ አጥባ አስጥታበታለች። ከዳር ቆሜ አፌን ከፍቼ አየሁት። እዚያ ላይ ምን እንደ ሆነ የሚናገር አንድ ምልክት የለም። ገመዱ በአዲስ ግንድ ታስሯል፤ ሰይድም ከወገቡ በታች ረጥቦ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ተሜ!» አሉኝ ቅርጫት የተሸከሙ አሮጊት ከኋላዬ። «ምን ቆመህ ታያለህ? ቀኑ ሊያልፍብኝ ነው፣ አሻግረኝ እንጂ!»

እጃቸውን ያዝሁና ወደ ውሃው ገባን።